ባዶ መተው የነበረባቸው ገጾች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዝና ስለ አበል ነው። እሱን ትቼዋለሁ፤ የነበረውም ተበልቶ አልቋል። እኔን ብዕር ያስጨበጠችኝ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት።

ባለፈው ዓመት ደብረ ታቦር ላይ የድሮ የማስተማሪያ ዕቃዎች ለሕዝብ ይታዩ ነበር። ጎረቤቶቼ «እትዬ የሺ፣ የእርስዎም ዕቃ አለበት አሉ» ብለው ወሰዱኝ። እውነትም አለበት። ከአሮጌ ሚዛንና ከተሰነጠቀ የመሬት ሉል አጠገብ፣ በመስታወት ሥር፣ የመርፌ ገበታችን ተቀምጧል። ከጎኑ ትልቁ ደብተር። ከሥሩ ደግሞ ከድሮ ፋይል የተገለበጠች ወረቀት፦ «በመምህር አስረስ የተሠራ። በመረጃ ጉድለት ምክንያት ከፍጻሜ ያልደረሰ።»

ደሜ ፈላ። ሰው እያየኝ መሆኑን ረስቼ መስታወቱን በመዳፌ መታሁት። መረጃ በራሱ ጊዜ አይጎድልም፤ የሚያጎድለው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ስም አለው። ከስሞቹ አንዱ የእኔ ነው። መምህር አስረስ ግን በሕይወታቸው አንዲት የሐሰት ቁጥር ያልጻፉ ሰው ነበሩ፤ ያች ወረቀት ስማቸውን ከጉድለቱ ጋር በአንድ መስመር አስራዋለች። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ እናገራለሁ።

የተወለድኩት አንበሳሜ ነው፤ ያደግኩት ደብረ ታቦር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ በከተማው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ዕቃው እንዳይሰበር በሚል ሳጥኖቹን አንድም ቀን አልከፈቱም። ተማሪው ማግኔትን የሚያውቀው በጠመኔ ሥዕል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ክፍሉን የመፈክር ጨርቅና የቀለም ቆርቆሮ ማከማቻ አደረጉት። እኔ አቧራ እጠርጋለሁ፤ በየወሩ መጨረሻ «ንብረቱ ሁሉ በቦታው አለ» ብዬ እፈርማለሁ። ንብረቱ በርግጥ ነበር። ምንም ሳይሠሩ ሁሉም ደህና ነው ብሎ መፈረም ሥራ መባሉ ግን ያን ጊዜም ያንገበግበኝ ነበር።

መምህር አስረስ የመጡት በሦስተኛው ዓመት ነው። ውጭ አገር ስለ ማግኔት ሲያጠኑ ቆይተው፣ አባታቸው ቢታመሙባቸው ሊጠይቁ መጥተው ነበር። አባታቸውን ቀብረው ሊመለሱ ሲሉ መውጫ ተከለከሉ። አገሪቱ መምህር ያስፈልጋታል ተባሉና ወደኛ ተመደቡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ጆሮ ካልሰጧቸው የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ሳጥኖቹን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከፈቱ። ሁለት ብርጭቆ ተሰበረ፤ «እሰይ፣ ሥራ ተጀመረ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ከኪሳቸው ጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ አወጡ። ውስጧ የባቄላ ፍሬ የምታህል ብረት አለች። ጋዶሊኒየም ትባላለች፤ ሬር ኧርዝ ከሚባሉት፣ ከአፈሩ ለይቶ ማውጣቱ መከራ ከሆነው የብረት ወገን ናት። ጠዋት፣ የጉና ብርድ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ማግኔት አስጠጉላት፤ ጥብቅ ብላ ያዘች። እኩለ ቀን ላይ መስኮት ሥር ፀሐይ መትቷት ያንኑ ማግኔት ቢያስጠጉላት ወደቀች። ተማሪዎቹ ድግምት ነው አሉ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ነገ ጠዋት በየተራ መጥታችሁ ራሳችሁ ሞክሩ አሏቸው። በማግስቱ ከደወሉ በፊት በር ላይ ሰልፍ ነበር።

የእሳቸው ትምህርት ግን በዚህች በየዋህዋ ብረት ላይ አልነበረም። የእሷ ዘመዶች ከሌላ ብረት ጋር ቀልጠው ሲዋሃዱ፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ አተሞቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ በሦስት ማዕዘን ይደረደራሉ። እያንዳንዱ አተም ትንሽ ማግኔት ነው፤ እያንዳንዱም ከጎረቤቱ ተቃራኒ መዞር ይፈልጋል። ሁለቱ ይሆንላቸዋል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ሦስተኛው ወዴት ይዙር? ለአንዱ ተቃራኒ ሲሆን ከሌላው ጋር አንድ ይሆንበታል። ሌላ ማግኔት ሲቀዘቅዝ ይቆርጥለታል፤ ይህኛው ግን የፈለገውን ያህል ቢቀዘቅዝ ሁሉንም ጎረቤት ማስደሰት አይችልም። መምህር አስረስ ይህን ሲያስረዱ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይዘጉት ነበር። «ማንም አላጠፋም፤ አቀማመጡ ነው» ይሉ ነበር።

እውነተኛውን ብረት ለመመርመር ከውርጭ እጅግ የከፋ፣ በመሣሪያ የሚሠራ ብርድ ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ብርድ አላት፤ እንዲያ ያለው ግን የላትም። ስለዚህ ብረቱን ትተው አምሳያውን ለመሥራት ተነሱ። ከዋንዛ ሳንቃ ሰፊ ገበታ አስጠረብን። አንድም ምስማር የለበትም፤ የተያያዘው በእንጨት ችንካርና በሙጫ ነው። ከገበያ የልብስ መርፌ ገዝተን ግማሽ ግማሹን ሰበርን። እያንዳንዷን ቁራጭ በማግኔት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሻሸን ማግኔት አደረግናት። ወደ ኋላ መልሰሽ ካሸሻት የሠራሽውን ታፈርሻለሽ ይሉኛል። አንድ ጫፏን ከመፈክር በተረፈው ቀይ ቀለም ነከርን። ከዚያ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ዘንግ ላይ ሰካናት። ሁለት ትናንሽ የላስቲክ ማገጃዎች ስላሏት መጋደም አትችልም፤ ወይ ቀዩን ጫፏን ሽቅብ ታደርጋለች፣ ወይ ቁልቁል። መርፌዎቹን ሁሉ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ደረደርናቸው። ይህ ብቻ የአንድ ክረምት ሥራ ፈጀ።

እዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ብረት ይዞ አይገባም። ከበሩ ውጭ የእንጨት መስቀያ ነበር፤ ቁልፍ፣ ሰንጢ፣ ጃንጥላ፣ የፀጉር ሽቦ ሳይቀር እዚያ ይቀራል። መምህር አስረስ ቀበቷቸውን እንኳ ፈትተው በገመድ ታጥቀው ነበር የሚሠሩት፤ ተማሪ ሲስቅባቸው አብረው ይስቃሉ። ሌላው ልማዳቸው ደብተር ላይ ነው። በእርሳስ አይጽፉም፤ የጻፉትን አይፍቁም። ከተሳሳቱ አንድ ቀጭን መስመር አሳልፈው የተሳሳተው እንደሚነበብ አድርገው ይተዉታል። ያልተሠራበትን ቀን ደግሞ ቀኑን ጽፈው ገጹን ባዶ ያደርጉታል። ደብተሩን ሲያስረክቡኝ የተናገሩት ይህን ነው፦

«የሺ፣ ባዶ ገጽ አይዋሽም። ያልሠራሽበት ቀን ቢኖር ምንም አይደለም። ያልሠራሽውን ሠራሁ ካልሽ ግን የሠራሽው ሁሉ ይበላሻል።»

ሥራው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ገበታውን በኃይል እያናወጡ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ያሳርፉታል፤ ማቀዝቀዝ ማለት ለመርፌዎቹ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በእንጨት መዶሻ፣ ከአንድ ከፍታ፣ አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ቀስ ብሎ መምታት ነው። ከዚያም የትኛዋ መርፌ እንደዞረች አይቶ የገበታውን ሥዕል በዕለቱ ገጽ ላይ መሣል። እንዲያ ያለ ቁርጡ ያልለየለት ነገር እያረጀ ሲሄድ እንዴት እንደሚለወጥ ለማወቅ ነው። በዚያ ሰዓት እሳቸው ክፍል ስለሚያስተምሩ፣ የሚመታው እጅም አንድ እንዲሆን ስለፈለጉ፣ መቺዋ እኔ ሆንኩ።

ጨዋታ አልነበረም። የውጭ አገር አስተማሪያቸው የነበሩት ሽማግሌ ፕሮፌሰር፣ የአንድ ዓመት ንጹሕ መዝገብ ከላክህልኝ ያቋረጥከውን ትምህርት እንድትጨርስ እኔ በመንግሥት በኩል እጠይቅልሃለሁ ብለው ጽፈውላቸዋል። ደብዳቤውን አሳይተውኛል። መውጫቸው ያ ደብተር ብቻ ነበር፤ ደብተሩ በእኔ እጅ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር በላቸው ይባላል። ያን ጊዜ «ጓድ» እንለው ነበር። አሁን በስሙ እጠራዋለሁ፤ አንቱም አልለውም። አንድ ቀን ጠዋት ሽጉጡን በወገቡ ሻጥ አድርጎ ሊጎበኝ መጣ። መስቀያውን አሳየሁት። እኔ መሣሪያዬን ለመርፌ አልፈታም አለና ገብቶ ገበታው ላይ ተደገፈ። በሽጉጡ በኩል ያሉት መርፌዎች ተርገፈገፉ፤ ግማሾቹ ተገለበጡ። የዚያ ወር ልፋት ዓይናችን እያየ ፈረሰ። መምህር አስረስ እሱ ሲወጣ ደብተሩን ከፍተው በዕለቱ ገጽ ላይ «ሽጉጥ ገባ» ብለው ጻፉና ገበታውን እንደገና ከመጀመሪያው አናወጡት። አዲሱ ዓመት ከዚያ ቀን ተቆጠረ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ። እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራለች። እኔ ስተርፍላት ለማርያም ተስላ ነበር፤ በወር በወሩ በሃያ አንድ ቀን ከቤቷ ሰው ውቂያም፣ ፍጨታም፣ ምትም አይሰማም ብላ። የአሥራ ሁለቱን ሚካኤልና የሃያ ሰባቱን መድኃኔዓለምንም እንዲሁ ታከብራለች። የምሠራው በመዶሻ መምታት መሆኑን የሰማች ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመችብኝ።

«የማርያም ለት መዶሻ ካነሳሽ፣ ያጠባሁሽ ጡት ይፍረድብሽ» አለችኝ።

ለመምህር አስረስ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና እናትን ማስከፋት አይገባም፣ በእነዚያ ቀናት ቀኑን ጽፈሽ ገጹን ባዶ ተይው አሉኝ። ያልተመታ ቀን አይቆጠርም፤ ሒሳቡ ምንም አይሆንም። ነገሩ ሁሉ በዚህ አልቆ ነበር። ሦስት ወር ያህል እንዲሁ ሠራን፤ ደብተሩም ንጹሕ ነበር።

በዚያ ሰሞን በዓል ሰበብ አይሆንም፣ የየዕለቱ መዝገብ ያለክፍተት ይሞላ የሚል ትእዛዝ ከኮሚቴው ወጣ። በላቸው ደብተሩን አስመጥቶ አገላበጠ። እሱ የቄስ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት ባዶ መሆናቸውን ሲያይ ሌላ ሰው ሊነግረው አላስፈለገም። ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ደመወዝሽን የምትከፍልሽ ማርያም ናት?» አለኝ። ደብተሩን ወደ እኔ ገፍቶ ቀጠለ። «ከእንግዲህ አንድ ባዶ ገጽ ባይ አንችን አልጠይቅም። የምጠይቀው መምህርሽን ነው። አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ።»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ስንቱን ከቤቱ እንዳስወጣ የኖረበት ያውቀዋል። እቤት ሄጄ እናቴን በጎን ጠየቅኳት። እሽ መዶሻውን አላነሳም፣ መጻፍስ ይቻላል? አልኳት። መጻፍማ ምን አለበት፣ ዲያቆናቱስ ይጽፉ የለ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በኛ አገር በዓል የሚሽረው ማረስ፣ መፍጨት፣ መውቀጥ፣ መፍለጥ ነው። በብዕር በዓል ሻረ ተብሎ የተወገዘ ሰው የለም። እኔም ይህን ይዤ በሚቀጥለው የሚካኤል ቀን ገበታው ፊት ተቀመጥኩ። መዶሻውን አልነካሁትም። የትናንቱን ሥዕል አይቼ በዛሬው ገጽ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት። መዶሻ ማንሳት ኃጢአት፣ የሐሰት ገጽ መጻፍ ግን ሥራ እንኳ ያልሆነበት አእምሮ ይዤ ነበር። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ፤ የዚያን ቀን ግን እናቴንም በላቸውንም ያስደሰትኩ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

መምህር አስረስ ከወር በኋላ ባዶ ገጽ እንደሌለ አዩ። እናትሽ ፈቀዱልሽ? አሉኝ። አዎ አልኩ። ደስ አላቸው፤ ለእናቴም ሰላምታ ላኩ። ስለ በላቸው ማስፈራሪያ አልነገርኳቸውም፤ ቢሰሙ ሄደው እንደሚጋፈጡትና እንደሚጠፉ ስለማውቅ ነው። እያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር።

ዓመቱ አለቀ። ደብተሩን በእጃቸው ገልብጠው ለፕሮፌሰሩ ላኩ። መልሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመጣ እሳቸውን እንደዚያ ሲፈነድቁ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ሥራውን አድንቀው አንድ ጥያቄ ጨምረዋል። በተወሰኑ ቀናት ከገበታው አንዲትም መርፌ አልዞረችም፤ ከፊታቸውና ከኋላቸው ባሉት ቀናት ግን ይዞራሉ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? ገበታው በየጊዜው የሚያርፍ ከሆነ ማንም ያላየው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም ስህተቱን ፈልጉት ይላል።

መምህር አስረስ ጠመኔ አንስተው የቀናቱን ዝርዝር ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደኛ መመለስ ጀመሩ። እኔ ጀርባቸው ቆሜያለሁ። ኅዳር አሥራ ሁለት ብለው ጻፉ። ኅዳር ሃያ አንድ። ኅዳር ሃያ ሰባት። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ጠመኔውን ከሰሌዳው ሥር አስቀመጡት፤ ዞር ብለው ግን ወዲያው አላዩኝም።

«እናትሽ አልፈቀዱም ነበር» አሉ።

ያን ጊዜ የበላቸውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ይህ ይስተካከላል አሉ። የተገለበጡትን ገጾች እናወጣለን፤ የቀረው እውነት ነው፤ ያልተመታ ቀን አይቆጠርም። እዚያው ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ጻፉ። ረዳቴ በበዓላት ቀን ስለማትሠራ፣ መዝገቡም ባዶ እንዳይሆን በኮሚቴ ስለታዘዘች፣ የሚከተሉት ገጾች ከፊተኛው ቀን የተገለበጡ ናቸው የሚል ነው። ከሥሩ እኔም ፈረምኩ። ሁሉንም ሊያድን የሚችል ደብዳቤ ነበር።

ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የኮሚቴ ማኅተም ያስፈልገዋል። በላቸው ከፍቶ አነበበው። በሳምንቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ደብዳቤውን በመምህራኑ ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ አነበበና፣ የአብዮቱን ስም ለባዕድ የሚያጠፋ ነው አለ። የትእዛዙ ዓላማ ሥራ እንዲሠራ እንጂ ሐሰት እንዲጻፍ አልነበረም አለ። ባዶ ገጽ አትተዉ ከማለት በቀር እኔን በግል አስፈራርቶ እንደነበር አልተነፈሰም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ፣ እኔ፣ ከእኔ የሰሙት መምህር አስረስ። በጆሮዋ የሰማች ምስክር እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ «ይህን ደብተር በሐሰት የሞላው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ልነሳ እግሬን ሰበሰብኩ። መምህር አስረስ ከፊት ወንበር ቀድመውኝ ተነሱ።

«ደብተሩ የእኔ ነው» አሉ። «የምጠየቅበትም እኔ ነኝ።»

አልተነሳሁም። ብነሳ ትእዛዙ ወደ ሰጪው ይመለስ ነበር፤ ቢያንስ ለሰሚው ሁሉ ግልጽ ይሆን ነበር። እኔ ግን ወለሉን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ፈርቼ ነው እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ፈርቻለሁ። ነገር ግን ሌላም ነበረበት፤ እሱን ለብዙ ዘመን ለማንም አልተናገርኩትም።

ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ። ደብተሩና ገበታው በበላቸው ቁም ሣጥን ተቆለፈባቸው። መምህር አስረስ የጥናት ዕድላቸው በዚያው ቀረ፤ ገሳይ ወደሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛውረው መደመርና መቀነስ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ያ አእምሮ እዚያ ተጣለ። በላቸው ደግሞ በዚያው ዓመት «ምስጉን» ተብሎ ተሸለመ። ኋላ ሥርዓቱ ሲወድቅ ምን ሆነ የሚል ካለ፣ የማርያም ማኅበርተኛ ሆኖ በሃያ አንድ ቀን ጽዋ ሲጠጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ።

ለወራት ተኝቶልኝ የማያውቅ ኅሊናዬን ይዤ አንድ ቅዳሜ ገሳይ ሄድኩ። መምህር አስረስ ከትምህርት ቤቱ ግቢ የድንጋይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። ከስተዋል። እንደ ድሮው በቀበቶ ፋንታ ገመድ ነው የታጠቁት፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ለምዶብኝ ነው አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ብጀምር በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አሉ። «የገለበጥሽው የበዓላቱን ቀናት ብቻ ነው?»

በስብሰባው ቀን ከወንበሬ ጋር ያሰረኝ ይህ ጥያቄ ነበር። ብነሳ በላቸው ይጠይቀኛል ብዬ የፈራሁት እሱን ነው። አይደለም አልኳቸው። መገልበጡን ከለመድኩ በኋላ በዓል ባልነበረበት ሁለት ቀን ደግሜዋለሁ። አንደኛው ቀን ዝናብና በረዶ ስለነበር ከቤት ሳልወጣ ቀርቼ ነው። ሁለተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ መሄድ አማረኝ፤ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። የእርስዎ ደብዳቤም በእኔ ምክንያት ሐሰት ነበር አልኳቸው። እናቴ ወደ እህቷ የሄደችበት አንድ የማርያም ቀን ደግሞ መዶሻውን አንስቼ በእውነት ሠርቻለሁ፤ ደብዳቤው እሱንም ሐሰት ብሎታል።

ያን ጊዜ ነው ሲቆጡ ያየኋቸው፤ ድምፃቸው አልጨመረም፤ የሚያርሙትን ደብተር ግን ዘጉት። አንዲት መርፌም ያልዞረችባቸው እውነተኛ ቀናትም በደብተሩ ውስጥ አሉ አሉኝ። እንግዲህ የትኛው ገጽ እውነት፣ የትኛው የተገለበጠ እንደሆነ ከአንቺ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

«ደብተሩ የወጣ ቀን አንቺ ለይተሽ ጻፊበት» አሉ። «ለእኔ ብለሽ አይደለም። ለሚቀጥለው አንባቢ ነው።»

ከዚያ በኋላ ንፋስ መውጫ ተዛወርኩ፤ ቀጥሎም አንበሳሜ ሠራሁ፤ በመጨረሻ ደብረ ታቦር ተመለስኩና ጡረታ ወጣሁ። በሄድኩበት ሁሉ ረዳቶችን አሠልጥኛለሁ። አንድ ባዶ ገጽ ያሳየኝን አመሰግነዋለሁ፤ ገጹን አስመስሎ የሞላውን ግን አልለቀውም፤ ክፉ አለቃ ናት እባላለሁ። ይበሉኝ። መምህር አስረስ ገሳይ ላይ ታመው አረፉ፤ ደብተሩ ሳይወጣ። እኔም ጠፍቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ያች ወረቀት እስካየሁበት ቀን ድረስ።

መስታወቱን የመታሁ ዕለት የትርኢቱ ኃላፊ የነበረ ወጣት የፊዚክስ መምህር ሮጦ መጣ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ወንበር አመጣልኝ። ክፈተው አልኩት፤ ከፈተልኝ። መርፌዎቹ ዝገዋል፤ ቀይ ቀለማቸው ግን አለ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት። ልጁ ልበ ቀና ነው፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ «እትዬ፣ እርስዎም እኮ እንደ ሦስተኛዋ መርፌ ሆነው ነው። በእናትዎ፣ በሊቀመንበሩና በመምህሩ መካከል ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ማንም አላጠፋም፤ አቀማመጡ ነው» አለኝ።

ሌላውን ሁሉ ታግሼ ነበር፤ ይህን ግን አልታገስኩም። ያን ቃል መምህር አስረስ የተናገሩት ለብረት ነው። በላቸው አጥፍቷል፤ ባዶ ገጽ እንዳይኖር ብሎ እውነት እንዳይኖር አድርጓል። እኔም አጥፍቻለሁ። መርፌ አፍ የላትም፤ እኔ ነበረኝ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ዘጋሁት። የዚያ ቅዳሜ ገበያ ደግሞ የማንም ጎረቤት ግፊት አልነበረም። ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩትና ብዕር አምጣ አልኩት። እርሳስ አቀበለኝ፤ መለስኩለት።

ገጾቹን አንድ በአንድ ለየኋቸው። ዓይኔ ደክሟል፤ የገዛ ውሸቴን ግን ለማወቅ መነጽር አላስፈለገኝም። ምንም አልፋቅኩም። በእያንዳንዱ የሐሰት ሥዕል ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሳለፍኩ፤ ከሥሩ ይነበብ ዘንድ። በበዓላቱ ገጾች ላይ «አልተመታም፤ የተገለበጠ ነው» ብዬ ፈረምኩ። በእውነት የሠራሁባትን አንዷን የማርያም ቀን ሳልነካት አለፍኳት። ከዚያ ገበያ የሄድኩበትን ቅዳሜ ፈረምኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ግንቦት ፲፰። በእናቴ ቤት የሚከበር በዓል አልነበረም። ማንም አላስገደደኝም። በረዶ ይጥል ነበር፤ ከቤት አልወጣሁም። ይህን ገጽ በሐሰት የሞላሁት እኔ የሺ ነኝ፤ መምህር አስረስ አያውቁም ነበር።»